አባባ፣ «ታሪክ ምን ያበላል?» ላሉኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለእማዬና ለመላው ቤተሰብ፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዚህ ወር ገንዘብ በእህቴ ስም ተልኳል፤ ከሱ ላይ የእማዬ መነጽር ይሠራ።

አባባ፣ ባለፈው «ነርስነቱን ትተህ ታሪክ? ታሪክ ምን ያበላል?» እንዳሉኝ መስመሩ ተቋረጠ። እንዲህ ያለው ነገር እየተቆራረጠ በስልክ አይሆንምና ይኸው ጻፍኩልዎ። ለእማዬ የእህቴ ልጅ ጮክ ብላ ታንብብላት።

ስለ መብላቱ ልጀምር። አሁንም ማታ ማታ ዲሲ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ቀን እማራለሁ። ፕራክሲስ የሚሉት የመምህራን ፈተና አለብኝ፤ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ደግሞ አንዲት ነባር መምህርት ክፍል እየገባሁ ማስተማር እለማመዳለሁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሀብታም አይሆንም፤ የጤና ኢንሹራንስና ጡረታ ግን አለው። እዚህ ያለው ሐበሻ «ነርሲንግ ግባ» ከማለት ሌላ ምክር የለውም። አልፈርድበትም፣ የቤት ኪራዩ ከባድ ነው።

ታሪክን እኔ የተማርኩት በመገልበጥ ነው። ደወል እስኪደወል ሰሌዳው በኖት ይሞላል፣ እንገለብጣለን፣ ለፈተና እንሸመድዳለን፣ በማግስቱ እንረሳለን። አንድ መምህር ብቻ፣ አንድ ቀን ክፍሉን ይዞ እዚያው ደሴ ወዳለው የግብር ቤት፣ አይጠየፍ አዳራሽ ወሰደን። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል እንዳሠሩት ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሱ ግን «ድንጋዩን ማን ተሸከመው? ለግብሩ እንጀራውን ማን ጋገረው? ስማቸው የት ተጻፈ?» ብሎ ጠየቀን። ዝም አልን። መልሱንም አልነገረንም። ብዙ ልጆች ተናደው ተመለሱ፤ ፈተና ላይ አይመጣማ!

እኔ በዚያው እናትዎን መጠየቅ ጀመርኩ። እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ዘመን የሚቆጥሩት «ከአይሮፕላኑ በፊት» እና «ከአይሮፕላኑ በኋላ» እያሉ ነበር። ጣልያን ደሴን በቦምብ የደበደበው ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። ከዚያ ዕለት የቀረ የታወቀ ፎቶግራፍ አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመድፉ ኋላ ሆነው ይታያሉ። ከተማው ውስጥ የነበሩ የውጭ ጋዜጠኞችም ወሬውን ለዓለም አሰራጭተዋል፣ ቀይ መስቀል ያለበት የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ሳይቀር መመታቱን ጽፈዋል። እማማ ደግሞ ፎቶውንም ሆስፒታሉንም አያነሡም። የሚያስታውሱት የሣር ክዳን ሲነድና እናታቸው እጃቸውን ይዘው ወደ ገደሉ ሲሮጡ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ አንዳቸው ግን ብቻቸውን ደሴን አይነግሩዎትም። እኔ ማስተማር የምፈልገው ይህንን ነው፤ ምስክሮቹን ለየብቻ መስማት፣ ከዚያ ማፋጠጥ።

በቅርቡ መምህርቷ አንድ ክፍለ ጊዜ ለቀቀችልኝና ስለ ፍሬደሪክ ዳግላስ አስተማርኩ። ሰውየው የዚሁ የሜሪላንድ ልጅ ነው፤ ከቼሳፒክ ወሽመጥ ማዶ በባርነት ተወልዶ በ1838 እ.ኤ.አ. አመለጠ፣ በኋላ የዘመኑ ታላቅ ተናጋሪ ሆነ። በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ዕድሜውን በትክክል እንደማያውቅ፣ ባሮች የተወለዱበትን ጊዜ ቢበዛ በዘር፣ በመከርና በመሳሰሉት ወቅቶች እንጂ በቀን እንደማይለዩት ይናገራል። የጌታው መዝገብ ግን ወሩንና ዓመቱን ይዟል፦ ፌብሩዋሪ 1818። ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን ሰጠኋቸውና «ልጁ የማያውቀውን ቀን ጌታው ለምን ጻፈው?» አልኳቸው። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዷ «ንብረት ስለሆነ ነዋ!» አለች። ከኋላ የተቀመጠ ሐበሻ ልጅ ደግሞ እጁን አወጣ፦ «የኔም አያት ልደቷን አታውቅም፤ ወረቀቷ ላይ ጃንዋሪ 1 ይላል።» ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ጎረቤቱ «ማን ሞላው?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ምንም አልጨመርኩም። የዚያን ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በነገራችን ላይ ሥራውም እንቅልፍ አይፈቅድም።

ስለ ቀንና ዓመት ግን ከአንዳንድ ወጣት መምህራን ጋር አልስማማም። «ልጆቹን በዓመተ ምሕረት አታሰልቿቸው» ይላሉ። ሊንከን በ1863 እ.ኤ.አ. ባሮችን ነፃ አወጣ ብለን እኛም ሸምድደናል፤ አዋጁ ግን ከኅብረቱ ያልተገነጠለችውን ሜሪላንድን አይመለከትም ነበር። እዚህ ባርነት የቀረው ግዛቷ በ1864 ሕገ መንግሥቷን ስትለውጥ ነው። ቀኑን የጣለ ሰው ይህን በምን ያውቃል? የኛንም በራሳችን አቆጣጠር ይዩት። የከብት በሽታው በምፅዋ በኩል ገብቶ በሬውን ፈጀ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ እስከ 1884 ቆየ፣ አድዋ 1888 ነው። ቅደም ተከተሉን ያላወቀ ልጅ «አሸነፍን» ብሎ ይፎክራል እንጂ፣ በሬውን በቀበረ ማግስት ስንቁን ተሸክሞ የዘመተውን ገበሬ አያየውም።

አባባ፣ ዋናው ፍርሃትዎ ገንዘቡ እንዳልሆነ አውቃለሁ። «በታሪክ ሰው እየተባላ አንተ ቤንዚን ትሸጣለህ?» ነው ነገሩ። አገር ቤት ያለው ጠብ እዚህ ቡና ቤት ድረስ ደርሷል፤ ምኒልክን አንዱ ያነግሣቸዋል፣ አንዱ ይረግማቸዋል፣ ሁለቱም አንድ ሰነድ ሳያነቡ ያመሻሉ። እኔ የቱንም ወገን ከልጆቹ ፊት ቆሜ አልሰብክም። ልጁ የሚጠላውን ምስክር ቃል እስከ መጨረሻው ማንበብ ከቻለ ሥራዬን ሠርቻለሁ። ጠቡን አስታርቃለሁ አላልኩም።

እና አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። በ1966 የወሎ ረሃብ ጊዜ እርስዎ ጎረምሳ ነበሩ፤ ከገጠር ወደ ደሴ የጎረፈውን ሕዝብ በዓይንዎ አይተዋል። እኛ ስንጠይቅ ሁሌም «ተወው እሱን» ይሉናል። የእህቴ ልጅ በስልኳ ትቅዳልኝ። በየት መንገድ እንደመጡ፣ የት እንዳደሩ፣ ማን ምን እንዳበላቸው፣ ማን በሩን እንደዘጋ፤ ያዩትን ለብቻ፣ የሰሙትን ለብቻ ይንገሯት። ሲደክምዎ ታቁም። ለሷም ለ12ኛ ክፍል ፈተናዋ የሚሆን መጽሐፍ በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

እማዬ፣ በርበሬው ደርሶኛል፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ አመስግነውሻል። ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ።

ልጅዎ