ቁስጥንጥንያ የወደቀችው ግንቦት 21 አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በ«ዘመናዊት አውሮፓ» አጀማመር ላይ ያወጣችሁት ጽሑፍ ሁለት እርማት ይፈልጋል። ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጽሑፉ እንደሚለው ቱርኮች በ1453 ቁስጥንጥንያን ሲይዙ የግሪክ ሊቃውንት መጻሕፍታቸውን ይዘው ወደ ጣሊያን ሸሹ፤ ህዳሴውም ከዚያ ተወለደ። ቅደም ተከተሉ አይገጥምም። ከቁስጥንጥንያ የመጣው ሊቅ ማኑኤል ክሪሶሎራስ በፍሎረንስ ግሪክኛ ማስተማር የጀመረው በ1397፣ ከውድቀቱ 56 ዓመት ቀድሞ ነው። ኋላ መጻሕፍቱን ለቬኒስ የሰጠው ግሪካዊው ሊቀ ጳጳስ ቤሳሪዮንም ጣሊያን የገባው ለአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በ1438 ነበር። (ወደዚያው ጉባኤ በ1441 ከኢየሩሳሌም የኛ መነኮሳትም ሄደዋል፤ ጽሑፉ ይህን ማለፉ ያስቆጫል።) ከ1453 በኋላ የተሰደዱ ሊቃውንት መኖራቸው እውነት ነው፤ የደረሱት ግን በታረሰ ማሳ ላይ ነው። አውሮፓውያን «ንግዱ ስለተዘጋ ወደ ባሕር ወጡ» የሚለውም አያስኬድም። ቬኒስ በ1454 ከሱልጣኑ ጋር ውል አሰረች፤ ፖርቱጋሎች ደግሞ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ያለውን ቦጃዶርን ያለፉት በ1434 ነው።

ታዲያ 1453 የ«ዘመናዊ» መጀመሪያ መባሉ ከየት መጣ? በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ክርስቶፍ ሴላሪየስ የተባለ ጀርመናዊ መምህር ታሪክን ጥንታዊ፣ መካከለኛና አዲስ ብሎ ለትምህርት ሲከፍል መካከለኛውን ከታላቁ ቆስጠንጢኖስ እስከ ቁስጥንጥንያ ውድቀት አደረገው። ለማስተማር የተሰመረ መስመር ነው። ፈረንሳዮች «ሞደርን» የሚሉትን ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ከ1492 ይጀምሩና በ1789 ያቆማሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሌላ ስም ይሰጡታል። እንግሊዝኛው ግን ያንኑ ቃል እስከ ዛሬ ይዘረጋዋል። ተርጓሚ ሁለቱንም «ዘመናዊ» ሲላቸው ናፖሊዮን በአንዱ አንቀጽ ውስጥ ነው፣ በሚቀጥለው ውጭ። ከቃሉ ጎን «ከ1492 እስከ 1789» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛው የቀን ስሌት ነው። ጽሑፋችሁ ለከተማዋ ውድቀት የሰጠው ግንቦት 21 የተገኘው «ሜይ 29» በዛሬው ሠንጠረዥ ተመንዝሮ ነው። አውሮፓ ግን የዛሬውን የጎርጎርዮስ አቆጣጠር እስካወጣችበት እስከ 1582 ድረስ በአሮጌው በዩልዮስ አቆጣጠር ነበረች፤ ያኔ የኛ መስከረም 1 ኦገስት 29 (ጳጉሜን 6 ስትሆን 30) ይውል ነበር። ስለዚህ በዛሬው ሠንጠረዥ መንዝሮ 13 ቀን መጨመር ነው፤ ከተማዋ የወደቀችው ሰኔ 4 ቀን 1445 ዓ.ም. ነው። ስሕተቱ ዓመት የሚያዛባበትም ጊዜ አለ። ኦገስት 29 ቀን 1526 ቱርኮች ሃንጋሪን ያሸነፉበት የሞሃች ጦርነት በሠንጠረዡ ነሐሴ 23 ቀን 1518 ይሆናል፤ በዚያው ጦርነት የሃንጋሪው ንጉሥ የሞተው ግን በኛ እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 1519 ዓ.ም. ነው።

ከ1582 ወዲህ ባሉ የጎርጎርዮስ ቀኖች ልዩነቱ ይጠባል፤ እስከ 1700 ሦስት፣ እስከ 1800 ሁለት፣ እስከ 1900 አንድ ቀን ይጨመራል። ባስቲል የተያዘው ሐምሌ 7 ሳይሆን ሐምሌ 9 ቀን 1781 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝ አዲሱን አቆጣጠር የተቀበለችው በ1752፣ ሩሲያ በ1918 ስለሆነ የነሱን ሰነድ የሚመነዝር ቀኑ በየትኛው እንደተጻፈ አስቀድሞ ያጣራ። ይህ ከበዛባችሁ የፈረንጁን ቀን እንዳለ ትቶ «እ.ኤ.አ.» ማለት ነውር የለውም።

አንድ የታሪክ መምህር