ሀዋሳ ላለችው ጓደኛዬ፣ ስለ ሚጣና ስለ ማትሪኩ

ቀዮዬ እንደምን ከረምሽ? ባልሽ፣ ልጆቹ፣ እማማስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? ተናደሽብኛል አውቃለሁ። ለመጨረሻው መልእክትሽ ሳልመልስ ስንት ጊዜ ሆነ፣ መጀመሪያ ኔትወርኩ ጠፋ፣ ከዛ ሲመጣ ደግሞ ይሄን ሁሉ ቆይቼ ምን ብዬ ልጀምር ብዬ አፈርኩ፣ እያፈርኩ ስሄድ ጊዜው ጭራሽ ረዘመ። ይቅር በዪኝ በቃ። ስንገናኝ እንደፈለግሽ ትቆጪኛለሽ፣ ቁጣሽም ናፍቆኛል።

አሁን የጻፍኩልሽ ሚጣ ሬሚዲያል፣ ማለፊያውን ያላመጡ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩት የማካካሻ ትምህርት ማለቴ ነው፣ ሀዋሳ ስለደረሳት ነው። አዎ ሚጣ፣ የእታለም ልጅ፣ ያቺ ስታፍ ክፍል ጠረጴዛ ስር ገብታ ቾካችንን እየቆረጠመች የምታስቸግረን። 12ኛ ጨረሰች ብልሽ ታምኛለሽ? ከ600 274 አመጣች። ማለፊያው 300 ነው፣ 26 ነጥብ ጎደላት። እና ስሚኝ፣ ከትምህርት ቤታችን ከሷ በላይ ያመጣ የለም። አንድም ልጅ አላለፈም ቀዮ፣ ከዛ ሁሉ ልጅ አንድ እንኳን። አንደኛ የወጣችው ሚጣ ናት፣ እሷም ወድቃ።

ውጤቱ የተለቀቀ ቀን ማታ በኦንላይን እኔው ነኝ ያየሁላት። ስክሪኑን ሳሳያት ምንም አላለችም፣ "ቲቸር የነ እንትናንም እዪልኝ" አለችኝ። ቤት ውስጥ አክስቴ ነው የምትለኝ፣ ያን ቀን ግን ቲቸር አለችኝ። አንድ በአንድ የጓደኞቿን ቁጥር እያስገባን አየን። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፣ እስካሁንም ስለሱ ያላስበው ቀን የለም። እዚህ ለማን ላውራው? መምህራኑ ሁሉ ደንግጠው ዝም ብለዋል፣ ወላጅ እኛን ይረግማል፣ ቀበሌው ስብሰባ ይጠራል። ካንቺ ጋ ብቻ ነው እንደልቤ የማወራው።

ባንከኛ ሆነሽ የለ፣ ቁጥሩን እስቲ አብረን እንየው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መሰጠት የጀመረ ጊዜ፣ በ2014 ማለት ነው፣ ወደ 896 ሺህ ልጅ ተፈትኖ ያለፈው 29,909 ነበር፣ 3.3 በመቶ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ አሁን በ2017 ደግሞ 585,882 ተፈትኖ 48,929 አለፈ፣ 8.4 በመቶ። መሻሻል አለ ተብሏል፣ አለም፣ ያለፉት ልጆች በቁጥርም ጨምረዋል፣ እሱን አልክድም፣ ደስም ይለኛል። ግን የተፈታኙን ቁጥር ልብ አልሽልኝ? ከ896 ሺህ ወደ 585 ሺህ ሲወርድ የቀሩት ልጆች የት ሄዱ? ፐርሰንቱ ሲነገር ስለነሱ የሚጠይቅ ሰው አልሰማሁም። እኔ ግን ከፊሎቹን በስም አውቃቸዋለሁ። አንዱ አዲስ አበባ ኮንስትራክሽን ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ሁለቱ በጅቡቲ በኦቦክ በኩል ባህር ተሻግረው ሳዑዲ ገብተዋል ተባለ፣ አንዷ ተዳረች። በኛ በአማራ ክልል ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጅ ከትምህርት ገበታ ውጪ ነው ሲባል ሰምተሻል መቼም። ጭራሽ ፈተናው ጋ ያልደረሱት በየትኛው ፐርሰንት ውስጥ እንደሚገቡ አላውቅም።

ፈተናውን ግን አልቃወምም። ይሄን ስል እዚህ ሰው ሁሉ ይቆጣኛል፣ ወንድሜ እንኳን "አንቺ የመንግስት ጠበቃ" ብሎኛል። አንቺ ግን አብረሽኝ ነበርሽ። ፈታኝ ሆነን የተመደብንባትን ያቺን ከተማ አስቢያት፣ አጤሬራ የቀማሽው ልጅ ከነጓደኞቹ ድንጋይ ይዞ በር ላይ ጠብቆሽ በጓሮ በኩል ያስወጡንን። ሞባይሉ፣ ውጪ ቆሞ መልስ የሚጮኸው ሰውዬ፣ ዝም በሉ የሚለን ርዕሰ መምህር። በ2008 ፈተናው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ የተሰረዘ ጊዜማ ልጆቻችን እንዴት እንዳለቀሱ። ያ ነገር መቆም ነበረበት። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስትር ሆነው መጥተው ፈተናውን ግቢ ሲያስገቡት እሰይ ካሉት አንዷ እኔ ነኝ፣ አሁንም እሰይ እላለሁ። ያኔ 70 እና 80 እያመጣ ካምፓስ ገብቶ አንድ አንቀጽ መጻፍ የማይችለውን ልጅ እኛው አይደለን ያስተማርነው፣ ውጤቱ የሱ እንዳልነበር እናውቃለን።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እንዴት እንደምልልሽ እንጃ፣ ይሄ ፈተና እኮ የሚለካው የአንድ ልጅን ጉብዝና ብቻ አይደለም፣ መንግስት ለዛ ልጅ 12 ዓመት ሙሉ የሰጠውን ነገር ነው። ውጤቱ ሲመጣ ግን የወደቀችው ሚጣ ናት የምትባለው። በ2017ቱ ፈተና 1,249 ትምህርት ቤቶች አንድም አላሳለፉም። አንድ ትምህርት ቤት ዜሮ ሲያመጣ ልጆቹ ሁሉ ሰነፍ ሆነው ነው? ሁሉም? እዛ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ጎበዝ አልተወለደም? እንዲህ አይነት ነገር የለም ቀዮ፣ አንቺም ታውቂያለሽ እኔም አውቃለሁ። ተቆጣጣሪው ፈተናው ቀን ላይ መጣ፣ በጣም ጥሩ አድርጎ መጣ፣ ፌደራል ፖሊስ ሳይቀር መጣ፣ ከዛ በፊት በነበሩት 12 ዓመታት ግን ማንም ብቅ አላለም።

እኔ ጋ 9ኛ ክፍል የሚመጡት ልጆች ውስጥ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ማንበብ የማይችሉ አሉ። ባዮሎጂው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ፎቶሲንተሲስን በአማርኛ አስረዳቸዋለሁ፣ ይገባቸዋል፣ ዓይናቸው ሲበራ አየዋለሁ፣ ፈተናው ሲመጣ ያው የገባቸው ነገር በማያውቁት ቋንቋ ይጠየቃሉ። ለሚጣ ቤት ውስጥ እየተረጎምኩ አስጠንቻታለሁ፣ ለሌሎቹ ማን አለ? አፕቲትዩድ የሚባለው የማሰብ ችሎታ ፈተናም ከስድስቱ ፈተናዎች አንዱ ነው፣ 100 ነጥብ ይይዛል፣ እኛ ጋ ግን እሱን የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ የለም። የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ቲቶሪያል ገብቶ ወርክሺት እየሠራ ነው የሚዘጋጅለት፣ ሚጣ ያለቀላት እዛ ላይ ነው። አዲሱ ካሪኩለም ሲመጣ መጽሐፉ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ አለ ተባልን፣ እኔም በስልኬ እያየሁ ሰሌዳ ላይ እገለብጥላቸው ነበር፣ ስማርት ስልክ ያለው ልጅ ስንት ነው እዚህ? ማይክሮስኮፕ የሚባለውን ደግሞ በስዕል ነው የሚያውቁት።

ይሄም ሁሉ ቢስተካከል ግን እኔ የምለው ችግሩ 12ኛም 9ኛም ላይ አይደለም የተፈጠረው፣ 1ኛ ክፍል ላይ ነው። ዓለም ባንክ እንዳለው በሀገራችን 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም፣ እስቲ አስቢው፣ ከአስሩ ዘጠኙ። 4ኛ ክፍል ሆኖ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ከዛ በኋላ ያለው ትምህርት ሁሉ በላዩ ላይ ነው የሚያልፈው። በመስከረም 2018 የመንግስት ሠራተኛ ደሞዝ ተጨመረ፣ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ሆነ ተባለ፣ ብሩ በሐምሌ 2016 ገበያው ይወስነው ከተባለ ወዲህ ግን ዘይቱም ታክሲውም ቀድሞ ሄዷል፣ የጭማሪው ነገር ገና በወሬ እያለ አከራዬ ኪራይ ጨመሩ። ሆኖም የኔ ጥያቄ የራሴ ደሞዝ አይደለም። ፊደል የሚያስቆጥረው ሰው ከኛ ሁሉ ያነሰ ነው የሚከፈለው፣ ዲፕሎማ ስለሆነ። ልምድ ሲያገኝና ዲግሪውን ሲይዝ ደግሞ ወደ ላይ ክፍል ያድጋል፣ እድገት የሚባለው ከትንንሾቹ መራቅ ነው። እኔ ሥልጣኑ ቢኖረኝ ትልቁን ደሞዝ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ለሚያስተምር ሰው ነበር የምሰጠው፣ መስፈርቱንም አጥብቄ፣ ማንበብ ያልቻለ ልጅ 4ኛ ክፍል ሳይገባ የሚደረስለትበት ነገር አበጅቼ። ከዛ 12ኛው ላይ እንዳሻህ ፈትን።

ትምህርት ለትውልድ ብለው ሰው አዋጥቶ ክፍሎች ታድሰዋል፣ እኛም ጋ ሕዝቡ ካለው ላይ ሰጥቷል፣ በጣም ነው የኮራሁት፣ ጣሪያው አያፈስም አሁን። አዲስ አበባ ደግሞ ልጆቹን ቁርስና ምሳ ይመግባሉ፣ እሱንም አደንቃለሁ ከልቤ። ግን እዚህ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ባዶ ሆዱን የሚመጣው ልጅስ? ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አንገቱ ሲደፋ እያየሁ ምን ብዬ ነው ንቃ የምለው? ዜሮ ያመጡት ትምህርት ቤቶች ዝርዝራቸው ይታወቃል አይደል፣ ምገባውም፣ መጽሐፉም፣ ጎበዝ መምህሩም እዛ ይጀመር። አሁን ግን እኛን ለግምገማ ነው የሰበሰቡን፣ ቅጽ ሞላን፣ "የመምህሩ ተነሳሽነት ማነስ" የሚል ሳጥን ነበረው።

ኧረ በሞትኩት፣ ሰላምታ ሳልጨርስ ምን አስቀባጠረኝ። አንቺ እንደሆንሽ ድሮም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ እያለን ሌሊት ስለ ሀገር ሳወራ ትራስ ጆሮሽ ላይ ደፍተሽ ነበር የምትተኚው፣ አሁንስ ነቅተሽ ነው የምታነቢው?

አንድ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ልንገርሽ። አንቺ ቾኩን ጥለሽ ባንክ የገባሽ ጊዜ በጣም ነበር የቀናሁብሽ። ደስ ብሎኛል ስልሽ ደስ አላለኝም ነበር። ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ፣ ደግሞ ያንቺ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለስንት ወር ባዶ ሲሆን እያየሁ ባንቺ መናደድ ይሁን በመንግስት ግራ ይገባኝ ነበር። አሁን አልቀናም፣ ልጆችሽን ማሳደግ ነበረብሽ፣ በዛ ደሞዝ እንዴት ይሆናል። ግን እንዳንቺ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው እስካሁን አላገኘንም፣ ይሄን ማወቅ አለብሽ። ልጆቹ አሁንም የቀመር ዘፈንሽን ይዘፍኑታል፣ ካንቺ ያልተማሩት ሳይቀሩ።

እንግዲህ ወደዚሁ ልመጣ ነበር... እንዴት እንደምጠይቅሽ ቸግሮኛል፣ ይሄን ያህል ጠፍቼ መጥቼ። የሬሚዲያሉን ታውቂያለሽ፣ አራት ወር ተምረው ይፈተናሉ፣ 70ው ከሚኒስቴሩ ነው የሚመጣው፣ 30ው ከዩኒቨርሲቲው፣ ከመቶ 50 ካላመጣች ወደ ቤት ነው።  እናቷ ልድራት እያለች ነው፣ አሁንም ጠያቂ መጥቷል፣ "ዩኒቨርሲቲ ገብታለች" ብዬ ነው ያስቆምኩት። ባዮሎጂው አያሰጋኝም፣ እንግሊዝኛዋም ደህና ሆናለች፣ ሒሳቡ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቻልሽ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ብታስጠኛት። ከልጆችሽ ጋ ትጫወታለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ሥራ አትፈራም። ምግብ ምናምን አላልኩሽም፣ ግቢ ትበላለች። በሳምንት አንዴ የሰው ቤት ብታይ ግን እኔም እዚህ እንቅልፍ ይወስደኛል። ልጅቷ ከደሴ አልፋ አታውቅም። መንገዱም ራሱ እያስጨነቀኝ ነው፣ አዲስ አበባ ድረስ እኔው አብሬያት እመጣለሁ፣ ከዛ ሀዋሳ ብቻዋን ትሳፈራለች፣ መናኸሪያ የሚቀበላት ሰው ካገኘሁ።

ደግሞ አደራ፣ የወደቅሽ ልጅ ነሽ አትበያት፣ ሰውም እንዳይላት። ከዜሮ ትምህርት ቤት 274 ያመጣች ልጅ ናት፣ የግል ትምህርት ቤት ብትማር የት እንደምትደርስ አንቺው በሁለት ቅዳሜ ታውቂዋለሽ። ሎጋሪዝም ላይ ትፈራለች፣ ከሱ ጀምሪላት።

ጥሪው ገና አልወጣም፣ ሲወጣ ቀኑን እደውልልሻለሁ፣ የሷንም ስልክ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ካልተመቸሽ በግልጽ ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ ዝም ግን አትበዪኝ። ለእማማ ማር በሷ እጅ እልካለሁ፣ ባልሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው ፔዳ ዶርም የላይኛው አልጋ