እማዬ፣ ጥርስሽን ከመነቀልሽ በፊት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? መንጋጋሽን ልትነቀዪ መሆኑን እህቴ ነገረችኝ። እባክሽ ይቺን ሳታነቢ እንዳትሄጂ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ገና ስደውል ቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። አንቺ ደግሞ የወር አበባ ሲነሳ ወሬ ትቀይሪያለሽ።

የኔ የወር አበባ ደም መብዛት ምክንያቱ ታወቀ። ቮን ቪልብራንድ የሚባል በሽታ ነው። ሰው ሲቆስል ፕላትሌት የሚባሉት የደም ሕዋሳት ቁስሉ ላይ ተጣብቀው ይደፍኑታል። የሚያጣብቃቸው ፕሮቲን እኔ ጋ አንሷል። ደሜ መቆሙ አይቀርም፣ ግን ይዘገያል። ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ ሜሪላንድም የብረት ኪኒን እየሰጡ ሲሸኙኝ ኖረዋል። ደም ማነሱን አዩ፤ ደሙ የት እንደሚሄድ የጠየቀ አልነበረም።

አዲሷ ሐኪም ግን ከኔ ይልቅ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። እናትሽ ሲወልዱ ብዙ ፈሷቸዋል? ነስር አለባችሁ? ወንድሜን ስትወልጂ አባዬ ደም ፍለጋ ሲሯሯጥ፣ ጎረቤት ደግሞ «ዓይን ነው» ሲል ትዝ አለኝ። ጓዳ ውስጥ በነጠላ ሸፍነሽ ታሰጪው የነበረው ጨርቅም። ያ ሁሉ ጨርቅ የአንድ ሰው ነበር፣ እማዬ። በሽታው በዘር ነው የሚመጣው፤ ከእናትም ከአባትም። ወንዶቹም ይይዛቸዋል፤ ሴት ላይ የሚጎላው በየወሩ ስለምንፈተን ነው።

ስሙን ያገኘው ከፊንላንዳዊው ሐኪም ከኤሪክ ቮን ቪልብራንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ነው የጻፈው። ከኦላንድ ደሴቶች የመጣች አንዲት ሕፃን አይቶ ነበር። ያቺ ልጅ ኋላ በአራተኛ የወር አበባዋ ደም ፈሷት ሞተች። ዛሬ መድኃኒት አለው። እኔ ደሙ በሚበዛባቸው ቀናት ትራኔክሳሚክ አሲድ እወስዳለሁ፤ ሌሊት ፎጣ አንጥፌ መተኛት ትቻለሁ። ግን የእህቴ ልጅ አሁን ጀምራለች። ከሰባት ቀን ካለፈባት ወይም በየሰዓቱ ሞዴስ የምትቀይር ከሆነ «የእናቷ ቤት ልማድ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት። ጥቁር አንበሳ የደም ሐኪሞች አሉ፤ ትታይ።

ወደ ጥርስሽ ልመለስ። ለሐኪሙ መርፌ ሳያነሳ በፊት «ልጄ ቮን ቪልብራንድ አለባት፣ እኔም ስወልድ ደም ፈሶኛል» በይው። ትራኔክሳሚክ አሲድ ለጥርስ ነቀላም ይሰጣል፤ እሱ ይወስን። የፕሮቲኑ መጠን በዕድሜ ከፍ ስለሚል ምርመራሽ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ቢሆንም የወሊዱን ታሪክ ሳትነግሪው እንዳትቀሪ። ለጉልበትሽ የምትወስጂውን ዲክሎፌናክም ንገሪው፤ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻልሻል። አስፒሪንም ሐኪም ለልብሽ ካላዘዘልሽ አትንኪ። ካዘዘልሽ ግን ሳትጠይቂው በራስሽ እንዳታቆሚ።

ጠዋት ሂጂ፤ ደሙ እንቢ ካለ ሐኪሙ ሳይወጣ ትመለሻለሽ። ብቻሽን አትሂጂ። የምርመራዬን ወረቀት ለእህቴ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፣ እሷ ታሳየው። ቀጠሮሽ የትኛው ቀን እንደሆነ አስደውይልኝ።

ልጅሽ