«ዛሬ ምን ተማረች?» ብለህ ለጠየቅኸኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጅህስ እንደምን ናቸው? እኔና እናትህ ደህና ነን። ደብዳቤህ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ የጻፍኸው ነገር ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ስለ አንተ የተናገርሁት ስለ ሆነ ብዕር ለማንሣት አፍሬ ነው። «መዋዕለ ሕፃናት ከገባች አራት ወር ሆናት፤ እስካሁን አንድ ፊደል እንኳ አትለይም፤ ማታ የምትመጣው ልብሷ ቀለምና አሸዋ ለብሶ፣ ኪሷ ጠጠር ሞልቶ ነው፤ ምን ተማርሽ ስላት ተጫወትን ከማለት በቀር መልስ የላትም» ካልህ በኋላ ፊደል ወደሚያስቆጥሩበት ቦታ ልታዛውራት እንዳሰብህ ነግረኸኛል። ልጅቱ የአንተና የባለቤትህ ናት፤ ውሳኔውም የእናንተ ነው። እኔ የምለምንህ ከማዛወርህ በፊት ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው እንድታነብልኝ ብቻ ነው።

አንተን በሦስት ዓመትህ መዋዕለ ሕፃናት ያስገባንህ ጊዜ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አሸዋው ላይ ተቀምጠህ ልብህ በጨዋታው እስኪያዝ ጠብቄ በጓሮ በር ሹልክ ብዬ ወጣሁ። እንዳታለቅስ ብዬ ነበር፤ ብልህነትም መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን መምህርትህ ወደ ዳር ወስደው፣ «ሲያለቅስ እናባብለዋለን፤ እርስዎ ግን ሳይሰናበቱት አይሂዱ። ተሰናብተውት ከሄዱ ጥቂት አልቅሶ ይተዋል፤ ተደብቀው ከሄዱ ግን መጫወቻውን ትቶ ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያይ ይውላል» አሉኝ። በነጋታው ጎንበስ ብዬ ሳምሁህና ከእንቅልፍህ ስትነሣ እንደምመጣ ነገርሁህ። ጩኸትህ እስከ ውጭው በር ተከተለኝ። ከእንቅልፍህ ስትነሣም መጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ስሰናበትህ ቀና ብለህ እንኳ ሳታየኝ እጅህን ብቻ አወዛወዝህልኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ከልቅሶህ ይልቅ ዝምታህ ነበር ልቤን ቅር ያሰኘው።

የመምህርትህ ምክር በዘርፉ ለረጅም ጊዜ የተጠና ነገር መሆኑን ያወቅሁት በወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ባገለገልሁባቸው ዓመታት የቢሮውን መጻሕፍት እየተዋስሁ ሳነብ ነው። ጆን ቦውልቢ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ አእምሮ ሐኪምና አብራው የሠራችው ሜሪ ኤንስዎርዝ እንደሚያስረዱት፣ ሕፃን ልጅ አዲስ ነገር ለመመርመር የሚደፍረው የሚመለስበት፣ የሚተማመንበት ሰው እንዳለ ሲያውቅ ነው። ስጋት ያደረበት ልጅ ዐይኑ በር በሩን ስለሚያይ እጁ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ልጅህ በእነዚህ አራት ወራት ምን ሠራች ብትለኝ፣ ከሁሉ በፊት ባይተዋር መሆኗን ትታለች እልሃለሁ፤ ይህ ደግሞ ለሦስት ዓመት ልጅ ቀላል ሥራ አይደለም።

የአንተን ጊዜ ላስታውስህ። በመግቢያው ግድግዳ ላይ በልጆች ቁመት ልክ የተተከሉ የልብስ መስቀያዎች ነበሩ፤ ከእያንዳንዱም በላይ የባለቤቱ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ስምህን ማንበብ አትችልም፤ ፎቶግራፍህን ግን ታውቀዋለህ፤ አንድ እንግዳ ልጅ ልብሱን በአንተ መስቀያ ላይ ሰቅሎ ቢገኝ ቤቱ ይናወጥ ነበር። ጥቂት ወራት አልፈው በፎቶግራፉ ሥር ስምህ ሲጻፍ፣ ከፊደላት ሁሉ አስቀድመህ የለየኸው የዚያን ስም የመጀመሪያ ፊደል ሆነ። ማንም አላስቆጠረህም፤ የአንተ ስለ ሆነ አወቅኸው።

ከዚያም የጽዋ ማደል ተራ ነበር። የተራው ባለቤት ለተቀመጠው ሁሉ አንድ አንድ ጽዋ ያድላል፤ ለአንዱ ሁለት ሰጥቶ ሌላው ባዶ ሲቀር ጉዳዩ ጠብ ያስነሣል፤ ስለዚህ ይቆጠራል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ይቆጠራል። ቁጥር ማለት ለአንድ ነገር አንድ ስም መስጠት መሆኑን፣ የመጨረሻው ስምም የሁሉን ብዛት እንደሚናገር አንተ የተማርኸው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እስከ መቶ በቃል የሚዘልቅ ልጅ አይቼ አውቃለሁ፤ አምስት ጠጠር አምጣ ሲሉት ግን እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ይመጣ ነበር።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት አያትህ ይወዱት ነበር። ስለ እራቱ እውነት ይሆናል፤ ስለ ልጁ ግን ምንም አይነግረንም። ውሃ ከትልቅ ዕቃ ወደ ትንሽ ዕቃ እየቀዳ የሚያፈስስ ልጅ ወለሉን ያረጥባል፤ ነገር ግን ረጅሙና ቀጭኑ ብርጭቆ ከአጭሩና ከሰፊው የበለጠ አለመያዙን በዐይኑ እያየ ነው። የእንጨት ቁርጥራጭ ደራርቦ የሚያፈርስ ልጅ ከባዱ ከታች ካልሆነ ግንቡ እንደማይቆም ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። ዱላ ጋልቦ ፈረስ ነው የሚል ልጅ ደግሞ ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እንዳስተዋለው ትርጉምን ከዕቃው መለየት ጀምሯል፤ ዱላ ለፈረስ ከቆመ፣ አንድ ቀን ደግሞ ወረቀት ላይ ያለ ጭረት ለድምፅ ሊቆም ይችላል። አየህ፣ የምትጠይቀኝ ፊደል ከዚሁ ከዱላው ፈረስ ጋር ዝምድና አለው።

«ብቻዋን ነው የምትጫወተው» ያልኸው ነገር ብዙ አያስጨንቅህ። ሚልድረድ ፓርተን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣችው ጥናት የልጆችን ጨዋታ ለይታ ስታስቀምጥ፣ አንዱ ብቻውን የሚጫወት፣ ሌላው ቆሞ የሚመለከት፣ ሌላው ከጓደኛው ጎን ተቀምጦ አንድ ዓይነት ነገር በየግሉ የሚሠራ፣ ከዚያም መጫወቻ የሚቀባበል፣ በመጨረሻም ሥራ ተከፋፍሎ በጋራ የሚጫወት መሆኑን ገልጻ ነበር። አንተም ለወራት ከአንዲት ልጅ ጎን ተቀምጠህ፣ ጀርባህን ሰጥተሃት፣ የራስህን ጉድጓድ ስትቆፍር ከረምህ። አንድ ቀን ሁለቱ ጉድጓዶች ተገናኙና ዋሻ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲያ የእርሷ ስም ከቤታችን አልጠፋም።

ይህ አስተሳሰብ ትናንት የመጣ ፈሊጥ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ ተቋሙን መሥርቶ ከሦስት ዓመት በኋላ «የልጆች የአትክልት ስፍራ» ብሎ ሰየመው፤ መሠረቱም ልጅ በጨዋታ ያድጋል የሚል ነበር። የፕሩሲያ መንግሥት ግን በ1851 ሃይማኖት የለሽነትንና ሶሻሊዝምን ያስፋፋሉ ብሎ እንዲህ ያሉትን ተቋማት ከልክሎ ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት በጥርጣሬ ማየት ከአንተ አልተጀመረም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ቀን መምህርትህ «የአባቱ ሥራ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ አልኋቸው፤ «እንግዲያው አንድ ጠዋት መጥተው ያሳዩን» አሉ። እኔ ለልጆች የሚሆን ምን ዕውቀት አለኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አፍርሻለሁ። በሦስተኛው ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ጠመኔና ብጣሽ ጨርቆች በከረጢት ይዤ ሄድሁ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አልተፈለገም። ሜትሩን ወዲያው ወሰዱብኝ። መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተለካኩ፣ ከዚያ በሩን ለኩ፣ ከዚያ ተንበርክኬ እኔን ለኩኝ፤ አንዲት ልጅ የጆሮዬን ርዝመት ለክታ በጠመኔ ወለሉ ላይ ጭረት አሰመረች። ከዚያ በኋላ «የማን ጆሮ ይረዝማል?» የሚለው ጥያቄ ጠዋቱን ሁሉ ያዘው። አንተ ግን አልለካህም። አጠገቤ ቆመህ እጅህን ትከሻዬ ላይ አድርገህ ለመጣው ሁሉ «አባቴ ነው፤ የእኔ አባት ነው» ትል ነበር። እኔ በሥራዬ የምኮራ ሰው አልነበርሁም፤ ኩራት የጀመርሁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲያ በራፍ ላይ ልጅ አስረክቦ የሚሮጥ ሰው መሆኔ ቀረ። ጡረታ የወጡ ጎረቤት እየመጡ ተረት ይነግሩ ነበር፤ አንድ አባት የተሰበረውን አጥር አቆመ፤ እናትህ መጋረጃውን ለካች፣ እኔ ሰፋሁት። ባንተ ምክንያት የተዋወቅናቸው ሰዎች እናትህ በታመመችበት ዓመት ቤታችንን እንዴት እንደደገፉት አንተም ታስታውሳለህ። የጣሊያኗን ሬጆ ኤሚሊያ ታሪክ ሳነብ የወደድሁትም ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ከከተማዋ አቅራቢያ ያለች አንዲት መንደር ነዋሪዎች የጀርመን ጦር ጥሎት የሄደውን ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች ሸጠው በገንዘቡ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለ ወጣት መምህር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ሄዶ አየ፤ በኋላም ዕድሜውን ለዚሁ ሥራ ሰጠ። ኒውዚላንድም እ.ኤ.አ. በ1996 ለመዋዕለ ሕፃናቷ ሥርዓተ ትምህርት ስታወጣ ስሙን በማኦሪ ቋንቋ «ምንጣፍ» ከሚለው ቃል ወስዳ፣ ባይተዋር አለመሆንን ከጤንነት፣ ከተሳትፎ፣ ከተግባቦትና ከምርምር ጋር እንደ ጥልፍልፍ አስቀምጣዋለች። ይህ ለልብስ ሰፊ የተጻፈ ይመስለኛል፤ ከአንዱ ክር ብቻ ጨርቅ አይወጣም።

ነገር ግን ሁሉም መዋዕለ ሕፃናት ጥሩ ነው ማለቴ እንዳይመስልህ። አንድ ጠዋት ፈቃድ ወስደህ ጥግ ይዘህ ተቀመጥ። መምህራኑ ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ይቀመጣሉ ወይስ ከላይ ሆነው ያዝዛሉ? ልጅህ ምን እንደምትፈራና በምን እንደምትጽናና ቢጠየቁ ይመልሳሉ? ለጥቂት ልጆች አንድ ዐዋቂ አለ ወይስ አንዷ ሠራተኛ መንጋ ይዛ ትባክናለች? ልጅ ሲያለቅስ ማን ይሄዳል? መልሱ ካላማረህ አዛውራት፤ እኔም አልከለክልህም። ፊደል አልቆጠረችም በማለት ብቻ ግን አታዛውራት።

ማታም «ምን ተማርሽ?» የሚለውን ጥያቄ ተወው፤ ለእኔም ቢሆን ከባድ ጥያቄ ነው። በኪሷ ያለውን ጠጠር ወለሉ ላይ አፍስሰህ የትኛውን ከየት እንዳመጣችው ጠይቃት። የተጻጻፍነው ስለ ልጅቱ ነው እንጂ ልጅቱን ማንም አልጠየቃትም፤ ምናልባት ጠጠሮቹ ስም አላቸው፤ ምናልባትም አንዱን የሰጣት ጓደኛ አለ።

አንድ ጉዳይ በመጨረሻ ላስቸግርህ። መምህርቷን ስታገኛቸው፣ በሚቀጥለው ወር ልንጠይቃችሁ ስንመጣ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሜትሩን ይዞ አንድ ጠዋት ቢገባ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅልኝ። ጫፉ ያልሾለ ትልቅ መርፌና ወፍራም ክር አመጣለሁ። ክሩን በመርፌው ዐይን ማስገባት አሁን ዐይኔ አይችልም፤ እርሱን ልጅህ ታደርግልኛለች።

እናትህ ትስምሃለች።

አባትህ