እንክብሉ ከመሸጡ በፊት ግፊት ይለካ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ወሊድ መከላከያ እንክብል ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው። አንድ ትልቅ ነገር ግን ቀርቷል። በየፋርማሲው ሴቶች እንክብሉን እንደ ማስቲካ ገዝተው ይሄዳሉ። ግፊት የሚለካላቸው የለም። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የሚባሉ ሆርሞኖችን የያዘው እንክብል ግን የደም ግፊቷ 140/90 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሴት አይመከርም፤ ለስትሮክ ያጋልጣታል። የምታጠባ አራስም 6 ሳምንት ሳይሞላት መውሰድ የለባትም።

የቲቢ መድኃኒትስ? ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን የእንክብሉን ጉልበት ያዳክመዋል። ሴትየዋ አንድም ቀን ሳታሳልፍ እየዋጠች ልታረግዝ ትችላለች። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ነግሯት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ እኮ ነው።

የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ግፊት አለብሽ? ታጠቢያለሽ? ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ?

ነርስ፣ ከደሴ