ላፕቶፑን ከመምረጥሽ በፊት መስፈርቱን ጻፊ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለላፕቶፕ የመደብንልሽ 60,000 ብር ተዘጋጅቷል። የላክሽው የሦስቱ ስላሽ (ያገለገሉ) ላፕቶፖች፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና የዴል ላቲቱድ 5490፣ ፎቶና ዋጋም ደርሶኛል። ገንዘቡን ከማስገባቴ በፊት ግን አንድ ሥራ እንድትሠሪልኝ እፈልጋለሁ። ምርጫውን እኔ አልመርጥልሽም፤ የምትመርጪበትን መንገድ ግን ልንገርሽ፣ የግዥ ሥራ እንጀራዬ ነውና።

በግዥ ሥራ ስፔሲፊኬሽን (የዕቃው መስፈርት) ሳይጸድቅ ፕሮፎርማ (የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) አይሰበሰብም። ዕቃው ከታየ በኋላ የተጻፈ ስፔሲፊኬሽን ሁልጊዜ ያንኑ የታየውን ዕቃ ይመስላል። አንቺም ፎቶዎቹን አይተሻል፣ አንዱን እንደወደድሽውም ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። ስለዚህ ፎቶዎቹን ለጊዜው ተዪያቸውና ባዶ ወረቀት አውጪ።

በወረቀቱ አናት ላይ ዕቃው ምን እንዲሠራልሽ እንደምትፈልጊ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «ጥሩ ላፕቶፕ» የሚለው ምንም አይነግረንም። ለምሳሌ «በቀሩኝ ሦስት ዓመታት የሥዕሉን ፕሮግራም አውቶካድንና የሕንፃ ስሌቱን ኢታብስን ሳይንቀራፈፍ የሚያሠራኝ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ሥራዬን የማያቋርጥብኝ፣ ከዶርም ወደ ክፍል በየቀኑ የምሸከመው» ብትዪ የሚለካ ነገር አለው። ከዚህ ዓረፍተ ነገር የማይወጣ መስፈርት ሁሉ፣ ቀለምም ሆነ የኪቦርድ መብራት፣ ላፕቶፖቹን የምታወዳድሪበት ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም።

ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች በፊት አራተኛ መስመር ጨምሪ፤ አለመግዛት። አሁን ያለሽ አሮጌው ላፕቶፕ ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) ቢጨመርለትና ከባዱን ሥራ በዲፓርትመንቱ የኮምፒውተር ክፍል ብትሠሪ ምን ያህል ያስኬድሻል? አዲሶቹ ከዚህ መስመር በግልጽ ካልበለጡ ገንዘቡ ይቆይ። ብዙ ሰው ይህን መስመር ስለማይጽፈው ውድድሩ ገና ከመጀመሪያው በዕቃና በዕቃ መካከል ብቻ ይሆናል።

ቀጥሎ መስፈርቶቹን ለሁለት ክፈያቸው። አንደኛው ወገን የማለፍና የመውደቅ ነው፤ ነጥብ የለውም። አንዱን ያላሟላ ላፕቶፕ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ይወጣል። እነዚህ ጥቂት፣ የሚለኩና ክርክር የማያስነሡ መሆን አለባቸው። ያንቺ እነዚህ ይመስሉኛል።

ዊንዶውስ መሆን አለበት። አውቶካድ ለማክም አለ፤ ኢታብስና የሲቪል ንድፍ ፕሮግራሙ ሲቪል 3ዲ ግን የሚሠሩት በዊንዶውስ ላይ ነው።

ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር 7ኛ ጀነሬሽንን አይቀበልም። ጀነሬሽኑን ከቁጥሩ ታነቢያለሽ፤ ኮር አይ5 8250ዩ 8ኛ ነው፣ 10210ዩ 10ኛ፣ 7200ዩ ግን 7ኛ። «ኮር አይ5 ነው» የሚል ሻጭ ገና ምንም አልነገረሽም። 7200ዩ ሁለት ኮር፣ 8250ዩ አራት ኮር አላቸው፤ ሁለቱም ግን አይ5 ናቸው። የላፕቶፑን ሞዴል ስም ብቻ አይተሽም እንዳታልፊ። ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ላቲቱድ 5490 በ7ኛውም በ8ኛውም ተሠርተዋል፤ ከውጭ አይለዩም።

ራሙ 16 ጊጋባይት ይሁን፣ ወይም ወደ 16 የሚያድግበት ቦታ ይኑረው። የመረጥሻቸው ሦስቱም፣ ማለትም ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ላቲቱድ 5490፣ ሁለት ሁለት የራም ቦታ አላቸው። ስሙ የሚመሳሰል ሁሉ ግን እንደዚያ አይደለም። ቲ480ኤስ አንዱ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ኤክስ1 ካርበን ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተበየደ ስለሆነ በ8 የገዛ ሰው በ8 ይቀራል።

ስክሪኑ 1920 በ1080 ይሁን። ከእነዚሁ ሞዴሎች አንዳንዶቹ በ1366 በ768ም ወጥተዋል። በዚያ ስክሪን ላይ የአውቶካድ የላይኛው ሜኑና የታችኛው መስመር ቦታውን ወስደው ለሥዕሉ የሚተርፈው ጠባብ ነው። ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት)፣ ቢያንስ 256 ጊጋባይት። ጠቅላላ ወጪውም ከ60,000 አይለፍ። ጠቅላላ ስልሽ ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር የሚጨመረውን ራም፣ ቻርጀሩ ኦሪጅናል ካልሆነ የሌላ ቻርጀር ዋጋና ባትሪው ከደከመ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ወገን የማወዳደሪያ መስፈርት ነው። ከአምስት ባይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ሲበዙ አንዱን ነገር በሁለት ስም መቁጠር ይመጣል። «ብራንድ» እና «ጥንካሬ» ብለሽ ለየብቻ ነጥብ ከሰጠሽ፣ ብራንዱን የወደድሽው ለጥንካሬው ከሆነ፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ከፍለሽበታል።

ለእያንዳንዱ መስፈርት ድርሻ ስጪው፣ ድምሩ 100 ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። ድርሻ የሚሰጠው ነገሩ በጥቅሉ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ታይቶ አይደለም። በተወዳዳሪዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ለአንቺ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ነው የሚታየው። ቅለት ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው፣ በየቀኑ ትሸከሚዋለሽና። ሦስቱ ላፕቶፖች ግን የሚለያዩት በጥቂት መቶ ግራም ነው። ለቅለት 30 ብትሰጪ ከአንድ ደብተር በማይበልጥ ልዩነት ውሳኔው ሊገለበጥ ነው። ባትሪ በአንጻሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የአንድ ሰዓት ልዩነት አለው። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፤ ሁሉም መስፈርት በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ቢሆንና አንዱን ብቻ ወደ ከፍተኛው ማሳደግ ቢፈቀድልሽ የትኛውን ታስቀድሚያለሽ? ያ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ቀጥሎ ሁለተኛውን ጠይቂ፣ እንዲህ እያልሽ ውረጂ።

ዋጋን ከነጥቡ ጋር አትደባልቂው። በጨረታ ቴክኒካሉና ፋይናንሻሉ በተለያየ ፖስታ የሚታሸጉት ዋጋውን ያየ ሰው ጥራቱን በዋጋው ዓይን ስለሚያይ ነው። አንቺም ነጥቡን ጨርሰሽ ደምሪ፣ ከዚያ ዋጋውን አጠገቡ አስቀምጪና «ይህ የነጥብ ብልጫ ይህን ያህል ብር ያወጣል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

ነጥብ ከመስጠትሽ በፊትም የነጥቡን መለኪያ ጻፊ። ለባትሪ ለምሳሌ 70 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) የያዘ 10፣ 20 የያዘ 0፣ በመካከል በየ5 ዋት ሰዓቱ አንድ ነጥብ። መለኪያው አስቀድሞ ካልተጻፈ ለወደድሽው 8፣ ላልወደድሽው 6 መስጠት ሳይታወቅሽ ይሆናል።

አሁን ላሳይሽ። ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማሳየት የወሰድኳቸው ናቸው፤ አንቺ በለካሽው ተኪያቸው። ባትሪ 30፣ ዋስትና 25፣ የስክሪን ጥራት 20፣ የጥገናና የመለዋወጫ ቅለት 15፣ ክብደት 10 ይሁኑ፤ እያንዳንዱን ነጥብ በድርሻው አባዝተሽ ደምሪ። ቲ480 በቅደም ተከተል 8፣ 4፣ 5፣ 9፣ 5 ቢያገኝ 240 + 100 + 100 + 135 + 50 = 625 ይሆናል። ኤሊትቡኩ 5፣ 8፣ 8፣ 7፣ 7 ቢያገኝ 150 + 200 + 160 + 105 + 70 = 685። ላቲቱዱ 6፣ 6፣ 5፣ 7፣ 5 ቢያገኝ 180 + 150 + 100 + 105 + 50 = 585።

ኤሊትቡኩ አሸነፈ ብለሽ እዚህ እንዳታቆሚ። ከዋስትና 10 አንሺና ለባትሪ ስጪ፤ ባትሪ 40፣ ዋስትና 15። ቲ480 665 ይሆናል፣ ኤሊትቡኩ 655፣ ላቲቱዱ ያው 585። አንደኛው ተለወጠ። ይህ የሠንጠረዡ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ትልቁ ጥቅሙ ነው። ሁለት ነገር ነግሮሻል። ላቲቱዱ በየትኛውም መንገድ ሦስተኛ ስለሆነ ስለ እሱ ማሰብ አቁሚ። በሁለቱ መካከል ያለው ውሳኔ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ጠፍቶ ይቆያል?

እሱን ሠንጠረዡ አይመልስልሽም፣ ዶርምሽ ነው የሚመልስልሽ። ላፕቶፕ ለጽሑፍ ሥራ በግምት ከ8 እስከ 10 ዋት ይወስዳል፣ ከባድ ሥራ ላይ 20 እና ከዚያ በላይ። ለሦስት ሰዓት የአውቶካድ ሥራ እንግዲህ 60 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ቲ480 ከውስጥ አንድ ባትሪ፣ ከኋላ ደግሞ ሳይፈታ የሚወልቅ ሌላ ባትሪ አለው፤ ትልቁ የኋላ ባትሪ ካለውና ካልደከመ እዚያ ይደርሳል። 45 ዋት ሰዓት የቀረው ኤሊትቡክ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ያልፋል። ለሁለት ሳምንት መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት በደብተርሽ መዝግቢ፣ ዶርም ያሉትንም ጠይቂ። ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ የባትሪው ድርሻ 30 ይበቃዋል።

ውጤቱን አይተሽ ልብሽ ቅር ካለው ያንንም አትናቂው፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ያልገባ መስፈርት ሊኖር ይችላል። ፈልጊውና ካገኘሽው ለሦስቱም እኩል ጨምሪው። የተሰጠውን ነጥብ ግን የምትወጂው እስኪያሸንፍ ድረስ አንድ በአንድ አታስተካክይ፤ ያኔ ሠንጠረዡ ባይኖር ይሻል ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1772 ለጆሴፍ ፕሪስትሊ በጻፈው ደብዳቤ ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ከፍሎ፣ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ሐሳብ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ እየጨመረ እንደሚጽፍ፣ ከዚያም እኩል የሚመዝኑትን ከሁለቱም ወገን እንደሚሰርዝ ያስረዳል። ቀኑን የሚሰጠው ሁሉም ምክንያት በአንድ ጊዜ ወደ አእምሮ ስለማይመጣ ነው። አንቺም ሦስት አራት ቀን ስጪው። «ዛሬ ካልወሰድሽው ነገ የለም» ለሚል ሻጭ መልሱ ወደ ሁለተኛው ተወዳዳሪ መሄድ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ የሚያዘውም ለዚህ ነው።

ሠንጠረዡ የሚመርጠው ሞዴሉን ነው። ስላሽ ላፕቶፕ ግን አንዱ ከሌላው ስለሚለይ ሱቅ ስትደርሺ የያዝሽው ዕቃ ራሱ ፈተና ይጠብቀዋል፤ እዚህም ነጥብ የለም፣ ማለፍ ወይም መውደቅ ብቻ ነው። ሲነሣ ሌኖቮን በኤፍ1፣ ኤችፒን በኤፍ10፣ ዴልን በኤፍ2 ወደ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት ወደሚገኘው የማስተካከያ ገጽ) አስገቢው። ፓስዎርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ተዪው። ብዙዎቹ ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች የወጡ ስለሆኑ ዊንዶውስ ከእንደገና ተጭኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ የድሮው ድርጅት ስም መጥቶ የሚቆለፍ አለ፤ በስልክሽ ሆትስፖት አገናኝተሽ ይህን አረጋግጪ። በዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት እንዲያወጡልሽ ጠይቂ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን አቅም አወዳድሪ። 50,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው 36,000 ከሆነ 72 በመቶ ቀርቶታል፤ በሠንጠረዡ የሰጠሽውን የባትሪ ነጥብ በዚሁ አርሚው። የኤስኤስዲውን ጤና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም እዪ። እያንዳንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ በፍላሽ፣ ኪቦርዱን ፊደል በፊደል፣ ማጠፊያውን ከፍተሽ ዘግተሽ ሞክሪ። ቲ480ን በታይፕ ሲ ቻርጅ አድርጊው፤ የቀዳዳው መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር (የታንደርቦልት ፈርምዌር) ሳይታደስ የቆየ ከሆነ ያ ቀዳዳ ሊበላሽ ይችላል። በመጨረሻ የራስሽን የአውቶካድ ፋይል ከፍተሽ ግማሽ ሰዓት ሥሪበት፤ የሚግል ወይም በራሱ የሚጠፋ ከሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይታያል። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩና የዋስትናው ወር በጽሑፍ ይስፈሩ።

የአውቶካድ ባለቤት የሆነው አውቶዴስክ ለተማሪ አውቶካድን በነፃ ስለሚሰጥ በትምህርት ቤት ማስረጃሽ ተመዝገቢ፤ ሻጩ «ሶፍትዌር ጭኜልሻለሁ» ብሎ የሚያስከፍልሽን አትክፈዪ።

የመብራቱን ሰዓትና የተሞላውን ሠንጠረዥ ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ድርሻዎቹን ለምን እንደዚያ እንዳደረግሽ በአጠገቡ በአንድ በአንድ መስመር ጻፊበት። እንዳየሁት በዚያው ቀን ገንዘቡን በሒሳብሽ አስገባለሁ። አባትሽና ወንድምሽ ሰላም ብለውሻል።

እናትሽ