ክፍለ ሀገር የሚቀይር ጡረተኛ አሮጌውን የጤና ካርድ አይጣል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የ71 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ቶሮንቶ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የቤት ኪራዩን ስላልቻልኩትና ልጄም ቤተሰቧን ይዛ ወደ አልበርታ ክፍለ ሀገር፣ ኤድመንተን ስለሄደች፣ ባለፈው ዓመት ጁን 1 ቀን እኔም ተከትያት መጣሁ። የካናዳ ዜግነት አልወሰድኩም። አገራችን ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድና የወላጆቼም ቤት ገና ያልተከፋፈለ ውርስ ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርቴን እንደያዝኩ በቋሚ ነዋሪነት እኖራለሁ። እንደኔ ያሉ እናቶችና አባቶች እዚህም በካልጋሪም ብዙ ናቸው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ክፍለ ሀገር ስንቀይር የመንግሥት የጤና መድናችን ወዲያው ይቋረጣል ብለን በማመናችን የሚደርስብን ጉዳት፣ አስቀድሞ ላወቀ ሰው በቀላሉ ሊቀር የሚችል ስለሆነ ነው።

መድኑ አይቋረጥም። የ1984ቱ የካናዳ የጤና ሕግ ክፍለ ሀገሮች የፌዴራሉን የጤና ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንዲያገኙ ካስቀመጣቸው አምስት መስፈርቶች አንዱ፣ ሽፋኑ ነዋሪውን ተከትሎ እንዲሄድ የሚያዝዘው ነው። በዚህም መሠረት አዲሱ ክፍለ ሀገር ሰውን ከሦስት ወር በላይ ሊያስጠብቅ አይችልም፤ በመጠበቂያው ጊዜም የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው የለቀቀው ክፍለ ሀገር ነው። ቋሚ ነዋሪ በዚህ ረገድ ከዜጋ አያንስም።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ኤድመንተን በገባሁ በሳምንቱ ልጄ «ከእንግዲህ አይሠራልሽም፤ ቢጠፋ ደግሞ ሌላ ሰው ይጠቀምበታል» ብላ አረንጓዴውን የኦንታሪዮ ካርዴን በመቀስ ቆረጠችው። ጁላይ አጋማሽ ላይ ራሴን አዙሮኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ስሄድ የማሳየው ካርድ አልነበረኝምና ከኪሴ ከፍዬ ታከምኩ። የኦሂፕ (የኦንታሪዮ የመንግሥት የጤና መድን) ቁጥሬን ያገኘሁት ከብዙ ፍለጋ በኋላ፣ በሻንጣ ኪስ ውስጥ ከቀረ የቆየ የሆስፒታል ቀጠሮ ደብዳቤ ላይ ነው። በእሱና በደረሰኙ አመልክቼ ከከፈልኩት አብዛኛው ተመለሰልኝ። ካርዱ ሳይቆረጥ በእጄ ቢኖር ኖሮ ክሊኒኩ ሒሳቡን በክፍለ ሀገሮች መካከል ባለው ስምምነት በኩል ሊጠይቅ ይችል ነበር። በሐኪሞች ክፍያ ረገድ ኩቤክ በዚህ ስምምነት ውስጥ የለችበትም፤ ስለዚህ ከሞንትሪያል የሚመጡ ወገኖች ለሐኪም ከፍለው ደረሰኝ ማስቀመጥ ሊኖርባቸው እንደሚችል ይወቁ።

ስለ ቀኑ አቆጣጠር በተለይ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከሌላ ክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሰው የአልበርታ ሽፋን የሚጀምረው፣ መኖር የጀመረበትን ወር ተከትሎ በሚመጣው ሦስተኛ ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። ጁን 1 የገባሁት እኔ ሽፋኔ የጀመረው ሴፕቴምበር 1 ሲሆን፣ በአንድ ቀን ቀድሜ ሜይ 31 ብገባ ኖሮ ኦገስት 1 ይጀምርልኝ ነበር። የአንድ ቀን ልዩነት አንድ ሙሉ ወር ያስጠብቃል ማለት ነው። ማመልከቻው ግን መጠበቅ የለበትም፤ በመጡ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ መግባት አለበት።

ከሁሉ የከበደኝ የመድኃኒቱ ነገር ነው። ሕጉ የሚያስከብረው የሆስፒታልና የሐኪም አገልግሎትን ነው፤ ከሆስፒታል ውጭ የሚገዛ መድኃኒትና አምቡላንስ በዚያ ውስጥ አይገቡም። ቶሮንቶ ሳለሁ ዕድሜዬ ከ65 በላይ ስለሆነ የደም ግፊቴንና የስኳሬን መድኃኒት በጥቂት ዶላር እወስድ ነበር። እዚህ ፋርማሲ ገብቼ ባዶዎቹን ሁለት ጠርሙሶች መስታወቱ ላይ ሳስቀምጥ፣ ልጁ በትሕትና ኮምፒውተሩን ወደኔ አዙሮ ሙሉውን ዋጋ አሳየኝ፤ የኦንታሪዮ የአረጋውያን የመድኃኒት ሽፋን ከኦንታሪዮ ፋርማሲ ውጭ አይሠራም። የስኳሩን ገዝቼ የግፊቱን አቆየሁት። ጁላይ ላይ ራሴን ያዞረኝም በዚሁ ሰበብ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮኛል። የሚያሳዝነው፣ ቀላል መፍትሔ ነበረው፦ ኦንታሪዮ በአንድ ጊዜ እስከ 100 ቀን የሚበቃ መድኃኒት ስለምትፈቅድ፣ ከመነሳቴ በፊት ሐኪሜን ጠይቄ ባስሞላ ኖሮ የመጠበቂያውን ጊዜ በሙሉ ይሸፍንልኝ ነበር። የአልበርታው ሽፋን ከጀመረ ወዲህ ወርሃዊ መዋጮ ሳልከፍል፣ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ መድኃኒት ዋጋ 30 በመቶውን ብቻ እከፍላለሁ፤ በዚህ አመሰግናለሁ።

ዜግነት ያልወሰድን ሰዎች ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች ደግሞ አሉ። አንደኛው የቋሚ ነዋሪነት ካርዱ የሚያበቃበት ቀን ነው። ካርዱ ስላለፈበት ብቻ ነዋሪነታችን አይጠፋም፤ ነገር ግን ለጤና ካርድ ሲመዘገቡ በሕግ የሚኖሩ መሆንዎን በማስረጃ ያሳዩ ስለሚባል፣ የእኔ ቀኑ አልፎ በመገኘቱ ከመዝጋቢው መስኮት ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ሁለተኛው አዲስ አበባ የምንቆይበት ጊዜ ነው። ኦንታሪዮ በ12 ወር ውስጥ 153 ቀን በክፍለ ሀገሩ መገኘትን ስትጠይቅ፣ አልበርታ 183 ቀን ትጠይቃለች። በየዓመቱ ክረምቱን ሸሽተው ሰባት ወር አገር ቤት የመቆየት ልማድ ያላቸው ሰዎች፣ ቶሮንቶ ያልነካቸው ነገር እዚህ ሽፋናቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል። በሱፐር ቪዛ የመጡ ወላጆች ጉዳይ የተለየ ነው፤ እነሱ ቢያንስ የ100,000 ዶላር የግል መድን ይዘው የሚገቡ እንግዶች ናቸውና ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም።

ለሁለቱ ክፍለ ሀገሮች መንግሥታት የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የለቀቅነው ክፍለ ሀገር የሐኪሙን ክፍያ ለሦስት ወር ከሸፈነ፣ የአረጋውያንን መድኃኒትስ ለዚያው ጊዜ የማይሸፍንበት ምክንያት ምንድን ነው? ክኒኑን ያቋረጠ አዛውንት የሚወድቀው ሆስፒታል ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው ከክኒኑ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለእናንተ ለአዘጋጆቹም ልመና አለኝ፦ እነዚህን ደንቦች በአማርኛ በአንድ ገጽ አውጡልን፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ እኔና ጓደኞቼ ፈቃደኞች ነን።

በቅርቡ ከቶሮንቶ የምትመጣ አብሮ አደጌ አለች። መድኃኒቷን ለ100 ቀን አስሞልታለች፤ አረንጓዴ ካርዷንም ከፓስፖርቷ ጋር በቦርሳዋ ይዛለች፤ የአውሮፕላን ትኬቷንም ከኦክቶበር 2 ወደ ሴፕቴምበር 29 አስቀይራለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ጡረተኛ አንባቢያችሁ፣ ኤድመንተን